ከልጆች የልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ሲአርፒ ከፍ ሲል

እህቴ፣ የልጅሽ የልብ ቀዳዳ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን የደም ምርመራዋ ላይ ሲአርፒ የሚባለው ቁጥር በጣም ከፍ ብሎ፣ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ደግሞ ወርዶ አይተሽ «ኢንፌክሽን ይዟት ይሆን?» ብለሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል። ልጄም ይህንኑ ቀዶ ጥገና ስላደረገ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሲአርፒ የሰውነትን መቆጣት ነው የሚያሳየው። ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል፤ ደረት ተከፍቶ ልብ መሰፋቱም እንዲሁ። ደሟ በልብና ሳንባ ማሽኑ ቱቦዎች ውስጥ ማለፉ በራሱ ሰውነቷን ያስቆጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ነክቶ መውረድ ይጀምራል። ሐኪሞቹን የሚያሳስባቸው አልወርድ ሲል ወይም ወርዶ እንደገና ሲወጣ ነው።

የልጄ የደም ምርመራ ወረቀት ግማሹ ቀስት ብቻ ነበር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ነርሷ የትናንቱን ከዛሬው ጎን ዘርግታ፣ በጣቷ መስመር በመስመር እየሄደች አሳየችኝ። ቀስቱ ከጤነኛ ልጅ ጋር ነው የሚያወዳድረው፤ ትናንት ከኦፕሬሽን ከወጣ ልጅ ጋር አይደለም። አንቺም የሁለቱን ቀን ውጤት አብረው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።

ሄሞግሎቢን የሚወርደው በማሽኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደሙን ስለሚያቀጥነው ነው። በቀዶ ጥገናው የፈሰሰ ደም አለ፤ ለምርመራ በየጊዜው የሚቀዳውም ለትንሽ ልጅ ቀላል አይደለም። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትም ወርዶ ከቀናት በኋላ ይነሳል። ሄሞግሎቢኗ ወረደ ብለሽ ግን የብረት መድኃኒት ሳይታዘዝ እንዳትሰጫት።

ብዙ ወላጅ የማይጠይቀው ደም ውስጥ ስላለው ፖታሺየም ስለሚባለው ማዕድን ነው። ሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ ፖታሺየምንም ይዞ ይወጣል፤ እሱ ሲዛባ ደግሞ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ላሲክስ ታዞላት ወደ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ቀጣዩ የደም ምርመራ መቼ እንደሆነ ሳታውቂ እንዳትወጪ።

ልጅቷንም እያት። ትንፋሿ እንዴት ነው? ሽንቷስ? ትበላለች? የልጄ ቁጥሮች ገና ሳይስተካከሉ «ጭማቂ ስጡኝ» ብሎ አስቸገረን፤ ሐኪሙ ከወረቀቱ ይልቅ በዚህ ተደሰተ። ሌሊት እየባነነች ብታለቅስ ወይም ካንቺ አልለይ ብትልም ብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ ቀስ እያለ ይተዋታል። ስታነሻት ብብቷን ይዘሽ አትጎትቻት፤ አንድ እጅሽን ከአንገቷ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጊ። የደረት አጥንት ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሳት፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ምግብ ከዘጋት ሳታሳድሪ ቀዶ ጥገና ላደረገላት ቡድን ደውይ። ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ትኩሳት፣ የደረት ሕመምና ድካም ከመጡ ልብን በከበበው ከረጢት ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ያኔም ሲአርፒ እንደገና ይወጣል፤ ፈሳሹ የሚታየው ግን በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ነው። ትኩሳት ስታዪ ደግሞ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተሽ እንዳትጀምሪላት፣ አደራ። ለደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ለሚያሳየው ምርመራ፣ ደሟ ከመቀዳቱ በፊት ከወሰደች ባክቴሪያው ደሟ ውስጥ እያለ እንኳ በምርመራው ላይታይ ይችላል።