ሞተር ከመፍታታችሁ በፊት፦ ለወጣት መካኒኮች

በሙያው ገና ጀማሪ የሆነ አንድ ወጣት ሰሞኑን ያቀረበልኝ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እጁ ላይ ያለ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ዙሩ በደቂቃ 4,000 አካባቢ ሲደርስ መሪውና የእግር ማሳረፊያው ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፤ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ቀይሮ፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) አጥቦ ለውጥ ስላጣ «ሞተሩን ልፍታው ወይ?» ይላል። መልሴ «ቆይ» ነው። ለምን እንደምል ለማስረዳት ግን የቆየ ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል።

ረዳት ሳለሁ እሠራበት ወደነበረው የአዲስ አበባ ጋራዥ አንድ ጀርመናዊ መንገደኛ ቢኤምደብሊው አር 80 ጂ/ኤስ ይዞ መጣ። ከሱዳን በመተማ ገብቶ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የደረሰ ሲሆን፣ ሐሳቡ በሞያሌ ወደ ኬንያ ወጥቶ እስከ ኬፕ ታውን መዝለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ የቀረበው ይህ ሞተር ሳይክል ሁለት ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተጋደሙ ናቸው። ፒስተኖቹ እኩል ወደ ውጭ፣ እኩል ወደ ውስጥ ስለሚሄዱ የአንዱን ግፊት ሌላው ያጠፋዋል፤ ይሁንና ሲሊንደሮቹ ልክ ለልክ ስላልተያዩና አንዱ ከሌላው ጥቂት ቀደም ስለሚል፣ መጠነኛ መወዝወዝ ተፈጥሮው ነው። አስቸጋሪው የተፈጥሮውን ከብልሽቱ መለየት ነበር። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በሌላ ጋራዥ ሲሊንደሮቹ ወርደው፣ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ተቀይሮ ተገጥሟል፤ ንቅጥቅጡ ግን ቅንጣት አልቀነሰም፣ ጭራሽ ዘይት ማፍሰስ ተጨምሮበታል።

አለቃችን መፍቻ ሳያነሣ ሞተር ሳይክሉን ይዞ ወደ ቀጥተኛ መንገድ ወጣ። በሦስተኛ ማርሽ 4,000 ዙር ላይ አደረሰው፤ ነዘረ። በአራተኛ ማርሽም በዚያው ዙር ነዘረ፤ ፍጥነቱ የተለየ ሆኖ ሳለ ንዝረቱ ዙሩን ከተከተለ ጎማና ቸርኬ ነፃ ናቸው ማለት ነው። እየሄደ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ሲያወርደው ንዝረቱ ጠፋ። ቆሞ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገባ) ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ በጣም ትንሽ ብቻ ተሰማ። ጭነት ሲያርፍበት ብቻ የሚብስ መሆኑ ትልቅ ፍንጭ ነበር። የቫልቮቹን ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ለክተን የማስገቢያውን 0.10፣ የማስወጫውን 0.20 ሚሊሜትር አደረግን፤ ሁለቱን ካርቡራተሮችም እኩል እንዲስቡ አስተካከልን። ካንዴላዎቹ ጠቁረው መገኘታቸው ወደ ካርቡራተር ሳበን፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤንዚኑ እንደሚበዛና ካንዴላ እንደሚያጠቁር ግን በዚህ ከተማ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጥቁረቱ የንዝረቱ ምልክት አልነበረም፣ ንዝረቱም እንዳለ ቀረ።

መንገደኛው የመመለሻ ትኬቱን ቆርጦ ከመጣ በኋላ ነበር፣ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ በዓባይ ቁልቁለት ጠጠር ላይ መውደቁንና የተጣመመውን የሞተር መከላከያ ብረት መንገድ ላይ አስቀንቶ ማስገጠሙን ያነሣው። አለቃችን ስኒውን አስቀምጦ የእጅ ባትሪ ይዞ ተንበረከከ። ሞተሩን ከሻንሲው (ሁሉን ከሚሸከመው የብረት አካል) ጋር ከሚይዙት ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች የፊተኛው ሥር እንደ ደቀቀ በርበሬ ያለ ቀላ ያለ ብናኝ ተከማችቷል፤ ሲጠረግ ከሥሩ ተፈትጎ የሚያብለጨልጭ ብረት ወጣ። መከላከያው የሚታሰረው በዚያው ቡሎን ስለሆነ፣ ሲገጠም አንድ ሮንዴላ (ከቡሎን ሥር የሚገባ ቀለበት) ቀርቶ ብረቱም ፊቱ አልገጠመም ነበር። ዳዶው (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው) እጅ ሲነካው ጥብቅ ነው፤ የጨመቀው ግን የተጣመመውን ብረት እንጂ ሞተሩን አልነበረም። ሮንዴላው ተተካ፣ ብረቱ ተቃና፣ ቡሎኑ በልኩ ጠበቀ፤ ንዝረቱም ጠፋ።

ሰውዬው ግን ገንዘቡንና የእረፍት ጊዜውን ፋሻና ጓርኒሲዮን (በብረቶች መጋጠሚያ የሚገባ ማሸጊያ) ላይ ጨርሷል። ጤነኛ ሞተር ሳይክል በእንጨት ሣጥን ታሽጎ በቦሌ በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። «ከመንዘሩ በፊት ምን ደርሶበት ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ በመጀመሪያው ጋራዥ በር ላይ ቢነሣ ያ ሰው ሞያሌን ባለፈ ነበር።

የዛሬ ልጆች ከእኛ የተሻለ መሣሪያና መረጃ አላችሁ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ተናግሮ ሳይጨርስ ስልክ ከፍታችሁ የሌላ ሰው ሞተር ሲፈታ ትመለከታላችሁ። ይህ አይዋጥልኝም። ይህን ብልም፣ ስልካችሁ ቀስ አድርጎ የሚያሳየው ምስል ሞተሩ በሻንሲው ውስጥ ሲላወስ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ያኔ በእጃችን ቢኖር ኖሮ እላለሁ፤ በዚህ በኩል ተጠቀሙበት። መፍታት የሚገባበት ጊዜም አለ፤ ዘይቱ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ካያችሁ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት።

አንተ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ባለቤቱን ስለ መውደቅ፣ ስለ ተገጠመ አዲስ ዕቃና ስለ ተፈታ ቡሎን ጠይቀው። ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሞተር ማሠሪያዎቹን፣ የጭስ ማውጫውን መያዣና የመከላከያ ብረቱን አንድ በአንድ በመብራት እይ፤ ቀለም የተላጠበትንና ብናኝ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርግ። የላላ ካገኘህ ዝም ብለህ አታጥብቀው፤ ፈትተህ ሮንዴላዎቹ መሟላታቸውን አረጋግጥ፣ በፋብሪካው መመሪያ ልክ አጥብቅ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም አስመልሰህ ዳዶውን ድጋሚ ፈትሽ።