ፎርማቱን ተወውና የቺፑን ቁጥር ንገረኝ

አራት ኪሎ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን ሊኑክስ አስጫንኩበት። ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ አይታይም። ዊንዶውስ እያለ ግን ይሠራ ነበር። የገዛሁበት ሱቅ ሁለቴ ፎርማት አደረጉልኝ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ካርዱ ተበላሽቷል፣ ይቀየር እያሉኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ካርዱን አታስቀይር። ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ ከነበረ፣ ካርዱ ጤነኛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ፎርማትም አይፈታውም። ያው ፍላሽ ያንኑ ሲስተም መልሶ ይጭናል እንጂ ምን ያመጣል? እኛ ጋ ፎርማት እንደ ዳማከሴ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል።

የላፕቶፑን ስም ተወው። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ላፕቶፖች ውስጣቸው የተለያየ የዋይፋይ ቺፕ ይገኛል። እኔ ሜክሲኮ ባለችው ጠባብ ሱቄ ስንቱን አይቻለሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈትና «ኤልኤስፒሲአይ» የምትለዋን ትእዛዝ ጻፍ፤ ከኋላዋ ጭረትና ሁለት «ኤን» ጨምርባት። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን መስመር ፈልግ። መጨረሻው ላይ በቅንፍ ውስጥ፣ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የአምራቹ ነው፤ 8086 ካለ ኢንቴል ነው። ሁለተኛው የቺፑ ነው። ድራይቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ካርዱን የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ቺፑ ፊቱ ተሰክቶ እንኳ ዞር ብሎ አያየውም።

ቀጥሎ የከርነልህን ዕድሜ እይ፤ ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው፣ ድራይቨሮቹም አብረውት ይመጣሉ። ትእዛዙ «ዩኔም» (ሲጻፍ ዩ፣ ኤን፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ)፣ ጭረት፣ «አር» ነው። ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ሪልቴክ 8852ቢኢ የሚባለው ቺፕ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ አለ። ሊኑክስ ግን እሱን ማወቅ የጀመረው ከከርነል 6.2 ወዲህ ነው፤ በፈረንጆች 2023 መጀመሪያ ማለት ነው። ኡቡንቱ 22.04 መጀመሪያ ሲወጣ ይዞት የመጣው 5.15ን ነበር። ሱቁ የቆየ ፍላሽ ከተጠቀመ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የቺፑ ድራይቨር ከሲስተሙ በኋላ ነው የተወለደው። መፍትሔው አዲስ ከርነል ማውረድ ነው።

«ያለ ኢንተርኔት በምን ላውርድ?» ትለኝ ይሆናል። የአንድሮይድ ስልክህን በዩኤስቢ ሰካና ከሴቲንግ ውስጥ የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያጋራውን ዩኤስቢ ተዘሪንግ አብራ። ኡቡንቱ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል። የስልክህ ዳታ ትንሽ ይበላል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ከዚያ «ሊኑክስ-ጄኔሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04» የተባለውን ፓኬጅ ጫንና ሪስታርት አድርግ። አዲስ ከርነል ይሰጥሃል። ላፕቶፑ ላይ ገና ምንም ፋይል ከሌለህ ደግሞ 24.04ን ብትጭን ይቀልሃል፤ እሱ ከ6.8 ጋር ነው የመጣው።

ከኢንተርኔት የድራይቨር ኮድ አውርዶ ራስ መኮምፓይል (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) የመጨረሻ አማራጭ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ቢሮ ዘጠኝ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ አድርጌ፣ ተመስገን ብዬ ወጣሁ። ከርነሉ ራሱን አፕዴት ባደረገ ማግስት ዘጠኙም ዋይፋይ አልነበራቸውም። ድራይቨሩ የተሠራው ለድሮው ከርነል ነበራ! ግድ ከሆነብህ በ«ዲኬኤምኤስ» አስገባው፤ ከርነል በተቀየረ ቁጥር እሱ ራሱ መልሶ ይኮምፓይለዋል። ሴኪዩር ቡት (ሲስተሙ ሲነሳ ፊርማ የሚጠይቀው ዘበኛ) ከበራ ደግሞ ያልተፈረመበት ድራይቨር በሩ ላይ ይመለሳል።

ከርነሉ አዲስ ሆኖም ካልሠራ የከርነሉን ሎግ (የውሎ መዝገቡን) አንብብ፤ ትእዛዙ «ዲሜሴጅ» ነው፣ ሲጻፍ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ፤ ከፊቱ «ሱዶ» (ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ) ጨምርበት። ፈርምዌር የሚል ቃል አጠገብ ኤረር ማይነስ 2 ካየህ ደስ ይበልህ። ድራይቨሩ ቺፑን አውቆታል፣ ቺፑ ላይ የሚጭነውን ፋይል ግን አላገኘም ማለት ነው። «ሊኑክስ-ፈርምዌር» የሚባለውን ፓኬጅ አፕዴት አድርግና ሪስታርት።

ዋይፋዩ ሲመጣ ጉግል ተከፈተ ብለህ እንዳትዘናጋ። የኔትወርክ ፍጥነት የሚለካውን «አይፐርፍ3»ን (ሲጻፍ አይ፣ ፒ፣ ኢ፣ አር፣ ኤፍ፣ 3) ላፕቶፕህ ላይና በኬብል ራውተሩ ላይ በተሰካ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫን፤ ለአስር ደቂቃ ዳታ አመላልስ። በኢንተርኔት ስፒድ ቴስት አትፍረድ፤ መስመሩ ራሱ ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ የድራይቨሩ ይመስልሃል። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀልና ድገመው። አንዳንድ ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን ያስተኛዋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዋይፋዩ የሚቆራረጥበት ሰው ራውተሩን ሲረግም ይውላል። ፓወር ሴቩን አጥፍተህ ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ።

በመጨረሻ ክዳኑን ዝጋና ወርደህ ማኪያቶ ጠጥተህ ተመለስ። ስትከፍተው ዋይፋዩ ራሱ ካልተመለሰ፣ የሎጉን የመጨረሻ 30 መስመር ከቺፑ ቁጥር ጋር ላክልኝ። ኮፒ አድርገህ ግን። በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ዓይኔን ጨርሶታል።