ቆቅና ሽኮኮ የሚያሳድድ ውሻ፦ የወሎ ውሻ አሳዳጊዎች ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከደላንታና ከወልዲያ የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አብዛኞቹ የሚሉት አንድ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ጆሮውን ቢጎትቱት ዝም የሚል ውሻ፣ ሜዳ ሲወጣ አዳኝ ይሆናል። በእንስሳት ሕክምና ስለምሠራ እንዲህ ያለ ውሻ ሳይገጥመኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ውሻው ክፉ አይደለም። ግን ክፉ አለመሆኑ ለቆቋ አይጠቅማትም። ኃላፊነቱ የእኛ ነው።

ውሻዬ በቀን ሁለቴ ይበላል፣ ስጋም አይጎድልበትም። ወደ ጦሳ ተራራ ይዤው ስወጣ ግን ቆቅ ካየ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። በቀደም አንዷን ገድሎ፣ ሳይበላት ጥሏት መጣ። ካልራበው ለምን ይገድላል? (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ረሃብና አደን ለውሻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አደን ከተኩላ የወረሰው ነው፤ ተራም አለው። ያሸታል፣ ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይይዛል፣ ይገድላል፣ በመጨረሻ ይበላል። ሰው ውሻን መርጦ ሲያራባ ከዚህ ተራ የፈለገውን አጠነከረ፣ ያልፈለገውን አደከመ። በግ የሚነዱት ዘሮች ያደባሉ፣ ያሳድዳሉ፣ ግን አይገድሉም። ቴሪየር የሚባሉት ትንንሾቹ ደግሞ አይጥ እንዲገድሉ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። የእኛን የሀበሻ ውሻ ግን ማንም እንዲህ መርጦ አላራባውም። ስለዚህ ከአንድ እናት ከተወለዱት አንዱ ጥንቸል አይቶ ያዛጋል፣ ሌላው ገደል ይገባላታል።

ያንተ ውሻ መግደል ድረስ ሄዶ መብላት ላይ ቆመ። ጠግቧላ! ማሳደዱ ራሱ ነው የሚያስደስተው። ቆቋ ብታመልጠውም ሩጫው ደመወዙ ነው። ስለዚህ ቀለብ ብትጨምርለት ለውጥ አታይም። ብታስርበው ደግሞ ይብስበታል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ባሳደደ ቁጥር ማሳደድን እየተማረ ነው። መጀመሪያ የሚዘጋው ይሄ በር ነው። ቆቅ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ ነው፤ እናቲቱ ስትሞት ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የጎረቤት ዶሮ ገደለብኝ። የሞተችውን ዶሮ አንገቱ ላይ እሰሪለትና እስክትበሰብስ ተሸክሟት ይዙር አሉኝ። ይሠራል? (ኮምቦልቻ)

አይሠራም እህቴ። ምክሩ ቆየት ያለ ነው፣ የሚሰጡትም ሰዎች በቅን ልቦና ነው። ውሻ ግን ከሰዓታት በፊት ያደረገውን አሁን ከሚደርስበት ነገር ጋር አያገናኝም። የተሸከመው ሽታ ያስጨንቀዋል፣ ዝንብና ቁስል ያመጣበታል፣ ሌላ ዶሮ ሲያይ ግን ይሮጣል። ከቤት ሲገባ መግረፍም ያው ነው። ያስተማርሽው ነገር ቢኖር ወደ ቤት መምጣት ዱላ እንደሚያስከትል ብቻ ነው። ለባለ ዶሮዋ ካሣዋን ክፈዪ፣ አጥርሽን አጥብቂ። ዶሮ ባለበት ደግሞ ሳታስሪው አትውጪ።

ጆሮው ቢቆረጥ፣ ሚጥሚጣ ቢበላስ?

ጆሮ መቁረጥ ጠባይን አይለውጥም፤ ሕመም ብቻ ነው። ሚጥሚጣውም ሆዱን ያቃጥለዋል እንጂ አዳኝነቱን አይነካውም። እባካችሁ ተዉት።

ቤት ውስጥ «ና» ስለው ይመጣል። ገደሉ ጋ ሽኮኮ ካየ ግን የማያውቀው ሰው የጠራው ይመስል ዞር ብሎም አያየኝ። እንዴት ላሠልጥነው? (ኩታበር)

ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

10 ሜትር ያህል ጠንካራ ገመድ ያዝ። አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱን በሚይዝ ቀበቶ ላይ እሰረው፤ በሙሉ ሩጫ ላይ ገመዱ ሲወጠር አንገቱ ይጎዳል። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥመው፣ ጣት ይሰብራል። ከዚያ ከቀላሉ ጀምር። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ፣ ቀጥሎ ምንም እንስሳ በሌለበት ሜዳ። «ና» በለው፣ አንዴ ብቻ። እየደጋገምክ ከጠራኸው የመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ዋጋ እንደሌላቸው ይማራል። ሲመጣ የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ ስጠው፣ አሞግሰው፣ መልሰህም ልቀቀው። መልሶ መልቀቁን አትርሳ። በጠራኸው ቁጥር የምታስረው ከሆነ ጥሪህን ይጠላዋል።

አሁን ወደ ሽኮኮው። ውሻህን ከሩቅ ተመልከተው። ሲያለከልክ የነበረው አፉ ድንገት ግጥም ይላል። ጆሮው ወደ ፊት ይቆማል፣ ጅራቱ ይደርቃል፣ አንዳንዱም የፊት እግሩን አንስቶ ባለበት ይቀራል። ያቺ ቅጽበት የመጨረሻ ዕድልህ ናት። ሩጫ ከጀመረ በኋላ ብትጮኽም አይሰማህም፤ እልኸኝነት አይደለም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ አፉ ሲዘጋ ጥራው። ዞር ካለልህ ከሁሉ የሚወደውን ስጠው። ካልዞረ ቦታው ገና ቀርቦበታል ማለት ነው፤ ራቅ በልና እንደገና ጀምር። ርቀቱን በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ቀንስ። ወራት የሚፈጅበት ውሻ አለ፣ ተስፋ አትቁረጥ።

ሰዓትም ምረጥ። ሽኮኮ የሰውነቱን ሙቀት እንደ ሌሎች አጥቢዎች አይቆጣጠርም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አንዱ ዘብ ቆሞ አደጋ ሲያይ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ወደ ስንጥቁ ይገባሉ። በዚያ ሰዓት ውሻ ይዘህ እዚያ አትድረስ። እናቲቱ ከ7 ወር በላይ አርግዛ የምትወልደው ሁለት ሦስት ግልገል ነው። ለዚያች ለምታክል እንስሳ ብዙ ጊዜ ነው። ቶሎ ቶሎ የምትተካ አድርገን አንያት።

ደግሞ ምትክ ስጠው። አፍንጫው ሥራ ይፈልጋል። አጥንቱን ሳህን ላይ አታስቀምጥለት፤ ጭድ ውስጥ ደብቀውና ይፈልገው። አሮጌ ጨርቅ ቋጥረህ ተጓተተው። እንዲህ ሩብ ሰዓት የሠራ ውሻ ደክሞት ይተኛል።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላም ገደሉ ጋ ገመዱን አትፍታ። ስሜቱ ይገራል እንጂ አይጠፋም።

ቢኮላሽ ይተዋል?

አይተውም። መኮላሸት ሴት ፍለጋ መዞርን ይቀንሳል። አደን ከዚያ ጋር አይገናኝም።

ውሻዬ ሌሊት አምልጦ ጃርት ገጥሞት መጣ። ፊቱ ሁሉ እሾህ ነው። ነቅዬ ላውጣው? (ሐይቅ)

አብሽር፣ ግን እጅህን ሰብስብ። አንድ ሁለት እሾህ ቆዳው ላይ ብቻ ከሆነ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይቻላል። አፍ ውስጥ፣ ዓይን አጠገብ ወይም ደረት ላይ ከሆነ ግን አትንካው። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ እሾህ መግል ይቋጥራል፣ ደረት የገባው ደግሞ ሳንባ ሊነካ ይችላል። እሾሁን በመቀስ አታሳጥረው። እንዳያክከው ያዘውና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰደው፤ አደንዝዘው ያወጡለታል። ጃርት ድንችና በቆሎ እንደሚፈጅ አውቃለሁ፣ ገበሬው ቢናደድበት አይፈረድበትም። ውሻ መላክ ግን መፍትሔ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ተጎድቶ የሚመለሰው ውሻው ነው።

ልጄ፣ በጎቹን ይዘን ወደ ደጋው ስንወጣ ውሾቹ ይከተሉናል። ቀይ ቀበሮ ሲያዩ ያባርሩታል። ግልገል ይወስዳልና ቢያባርሩት ምን አለበት? (ደላንታ)

አባቴ፣ ጥያቄዎ የእውነት ነው። ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል። ይህን የሚክድዎ ሰው የእረኛን ኑሮ አያውቅም። የዘወትር ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ለብቻው እየዞረ ቀኑን ሙሉ የሚለቅመው የገብስዎን ጠላት ነው።

በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። በአገራችንም የቀሩት ከ500 አይበልጡም። የሚኖሩት ደጋ ደጋው ላይ ነው፤ ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ መንዝ፣ ከዚያም የእኛው ወሎ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ አሉ፣ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ውስጥ አሉ። ጥቂት ጥቂት ሆነው ተራራ ለተራራ ተበታትነዋል። የአንዱ ተራራ ካለቀ ከሌላው መጥቶ የሚተካው የለም፤ በመሐል ያለው እርሻ ነው።

ከማባረሩ በላይ እኔን የሚያስፈራኝ በሽታው ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ቀይ ቀበሮዎቹን ረፈረፋቸው። የመጣው ከመንደር ውሾች ነው። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታም እንዲሁ ፈጅቷቸዋል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ስለሚኖሩ አንዱ ከተያዘ ሁሉም ይዳረሳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ስጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል። ያም ቢሆን በሽታው ከመንደር መውጣቱ ካልቆመ ልፋቱ ከንቱ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህ ነው። ውሾቹን ያስከትቡ። ቀን ቀን መንደር ይቅሩ፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ነው የሚያስፈልጉዎት። ሥራ የሌለውን ቡችላ ቁጥር አያብዙ። ግልገሎቹን ደግሞ ሰው ይጠብቃቸው፤ እናታቸውን መከተል እስኪችሉ ድረስ ደጋው ላይ ባያወጧቸው ይመረጣል።

ውሻዬ ቀበሮ ሲያባርር ተነክሶ ነው መሰል፣ አፍንጫው ደምቶ መጣ። ክትባት ወስዷል። ዝም ልበል?

ዝም አትበይ። ቁስሉን በባዶ እጅ አትንኪ፣ ለብቻው እሰሪው፣ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ንገሪ። የተከተበም ቢሆን እንደገና መከተብ አለበት። የውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይጀመራል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል።

ሰው ከተነከሰ ወይም ምራቁ የሰው ቁስል ላይ ካረፈ ደግሞ አንድ ደቂቃ አታባክኑ። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጠበሉም ዱዓውም አይቅርባችሁ፤ ክትባቱ ግን ይቅደም። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በጊዜ ቢመጣ የሚተርፍ ሰው ሲሞት ማየት ስለማልፈልግ ነው።

አይጥ ቢያድን ግን ጥቅም አይደለም?

ጥቅም ይመስላል። የአይጥ መርዝ በሚረጭበት መንደር ግን የተመረዘች አይጥ የበላ ውሻ አብሮ ሊመረዝ ይችላል። ድዱ ከደማ፣ ከደከመ ወይም ሽንቱ ከቀላ አታዘግዩት። ለሚያድን ውሻ የኮሶ መድኃኒት በየ3 ወሩ ስጡት። በዓል ሲመጣ ደግሞ የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትጣሉለት። ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ከበላ በሆዱ የሚያድገው ትል እንቁላሉን በኩሱ ይጥላል፤ ከዚያ በእጅና በአትክልት አድርጎ ሰው ውስጥ ይገባና በጉበት ላይ ያብጣል። ቅበሩት ወይም በደንብ ቀቅሉት።

ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው። ውሻዬ የገደለውን እየጎተተ ደጃፋቸው ይጥላል። ምራቁንም አይወዱትም። አፈርኩ። (ደሴ፣ አራዳ)

ማፈርሽ ደግ ነው፣ ሄደሽ አናግሪያቸው። ቡና ጠርተሽ «ከዛሬ ጀምሮ አይለቀቅም» በያቸው። ከዚያ ቃልሽን ጠብቂ። ውሻው በአጥሩ ሥር እየፋረ የሚወጣ ከሆነ፣ በአጥሩ እግር ዙሪያ ትላልቅ ድንጋይ ቅበሪ። ደጃፋቸውን ያበላሸውንም ሳይጠይቁሽ አንቺ እጠቢው። በሃይማኖታቸው ውሻ ለጥበቃ መያዝ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ውሻውን አጥፊው የሚልሽ አይኖርም። ንጽሕናቸውን ማክበር ግን ግዴታሽ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ውሻ ለቅቆ ሚዳቋ ወይም ድኩላ ማሳደድም አደን ነው። የጎፍ ደን አካባቢ ውሾች ሰብስበው የሚወጡ ልጆች ካላችሁ ንገሯቸው።

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ባስረውስ?

አጭር ሰንሰለት ውሻን ያሳብደዋል። ማታ ሲፈታ ያጠራቀመውን ሁሉ ባገኘው ነገር ላይ ያወጣዋል። ማሰር ካለብህ ሁለት እንጨት መሐል ሽቦ ወጥረህ ሰንሰለቱ በላዩ እንዲንሸራተት አድርግ። ጥላና ውሃ አይጣ። በቀን ሁለቴ በገመድ አናፍሰው።

ቡችላ ልወስድ ነው። ቤት ውስጥ ድመትና ዶሮ አለኝ። የማያድነውን እንዴት ልለይ? (ወልዲያ)

እናቱን እያት። ድመት እያየች የምትተኛ ከሆነች ጥሩ ምልክት ነው። ቡችላውን ከ2 ወር በፊት ከእናቱ አትለዪው። እስከ 3 ወር ተኩል ገደማ ያለው ዕድሜ ዓለምን የሚለምድበት ነው፤ በየቀኑ በገመድ ይዘሽ ዶሮዎቹንና ድመቷን ከሩቅ አሳዪው፣ ዝም ካለ ሸልሚው። ድመቷ የምትወጣበት ከፍ ያለ ቦታ ይኑራት። ዶሮዎቹ ሲሮጡ እሱም መሮጥ ከጀመረ አትሳቂለት፤ ቡችላ ሲሆን የሚያስቀው ጨዋታ ዓመት ሲሞላው ዶሮ መግደል ይሆናል። አድጎ ረጋ እስኪል ድረስ ደግሞ ከእነሱ ጋር ብቻውን አትተዪው።