አይኤስኦውን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ለምን አይበቃም?

ወንድሜ፣ የኡቡንቱን (ከሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች አንዱ ነው) አይኤስኦ፣ ማለትም የመጫኛ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ የያዘውን ፋይል፣ ፍላሽህ ላይ ኮፒ ብታደርገውም ኮምፒውተሩ በእሱ አልነሳ እንዳለህ ጽፈሃል። አይዞህ፣ ፍላሹ አልተበላሸም። ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ አይኤስኦ ፋይል ከፍቶ ውስጡን ማየት አይችልም። ለእሱ ያ ፋይል እንደ ማንኛውም ፊልም ወይም ፎቶ ነው።

ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም) ያላቸው አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት በፋት32 (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት አንድ ስልት) ፎርማት የተደረገ የዲስክ ክፍል ነው። እዚያ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር፣ በውስጡ «ቡት» የሚል ሌላ ፎልደር፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ ማስነሻ ፋይሉን ካገኙ ይነሳሉ። ከዩኢኤፍአይ በፊት የነበረውን ባዮስ የሚጠቀሙት የድሮዎቹ ግን የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብበው ነው የሚጀምሩት። አንተ ጋ ይሄ ሁሉ አይኤስኦው ውስጥ እንደታሸገ ቀርቷል።

ስለዚህ ሩፈስን (አይኤስኦን ፍላሽ ላይ የሚጽፍ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው) አውርድና አይኤስኦውን በእሱ ጻፈው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ አደራ፣ ፋይሎችህን ቀድመህ አውጣ። የኡቡንቱ አይኤስኦ ለዲቪዲም ለፍላሽም እንዲሆን ስለተሰራ፣ ሊኑክስ ላይ ዲዲ በሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ እንዳለ ብትገለብጠውም ይነሳል። የዊንዶውስ ግን በዲዲ አይሆንም። በዚያ ላይ ዋናው የመጫኛ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከ4 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ፋት32 ደግሞ ያን የሚያህል ፋይል አይቀበልም። ሩፈስ ለዚህም መላ አለው።

ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ስታስነሳ የቡት ሜኑውን (ከምን እንደሚነሳ የምትመርጥበትን ዝርዝር) ክፈትና ፍላሹን ምረጥ። ዴል ከሆነ ሜኑውን የሚከፍተው ቁልፍ ኤፍ12 ነው።