መልስ፦ ከማቅለጫው የወጣው ብረት ለምን ለሚስማር አይሆንም?

ጥያቄህ «የሶገስ ሰፋሪዎች ትልቅ ማቅለጫ ከነበራቸው ሌላ መቀጥቀጫ ቤት ለምን አስፈለጋቸው?» የሚል ነው። ምክንያቱ ካርቦን ነው።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በሶገስ ወንዝ ዳር በ1646 የተሠራው ምድጃ ከላይ የሚጎርሰው ከረግረግ የተቆፈረ የብረት ድንጋይ፣ የእንጨት ከሰልና በአቅራቢያው ካለው ከናሃንት የባሕር ዳርቻ የሚመጣ ጋብሮ የሚባል ጥቁር ድንጋይ ነበር። ጋብሮው በኖራ ድንጋይ ፈንታ የገባ ነው፤ እድፉን አቅልጦ ከብረቱ ይለየዋል። ወናፉን የሚነፋው በውሃ የሚዞር መንኮራኩር ነው። ብረቱ በከሰሉ መሐል ሲወርድ ከ3 እስከ 4 በመቶ ካርቦን ይጠጣል። እንዲህ ያለው ብረት ቶሎ ስለሚቀልጥ ለድስት ግሩም ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ስለዚህ አሸዋ ላይ በተማሰ ቦይ የረጋው ብረት መቀጥቀጫ ቤት ውስጥ ወዳለ ሁለተኛ ምድጃ ይገባል። ባለሙያው በረጅም ዘንግ እያማሰለ የወናፉን ነፋስ ያስመታዋል፤ ካርቦኑ ይቃጠላል። ካርቦን ሲቀንስ ብረቱን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ይጨምራል፤ ስለዚህ እሳቱ ሳይበርድ ፈሳሹ እንደ ሊጥ ይጠጥራል። ዋናው ምልክት ይህ ነው፤ ማማሰያው ዘንግ እየከበደ ይመጣል። ቸኩሎ ያወጣው መስፉ ላይ ይሰነጠቅበታል፤ ያዘገየው ደግሞ ብረቱ ራሱ ተቃጥሎ ይጎድልበታል። ከዚያ በጉጠት ተይዞ 500 ፓውንድ (225 ኪሎ ገደማ) የሚመዝን የውሃ መዶሻ ሥር ይገባል። ምቱ የቀረውን እድፍ ጨምቆ ያወጣዋል። የሚስማር ዘንግ የሚወጣው ከዚህ ብረት ነው፤ በሦስተኛው ቤት ተዳምጦና በቁመቱ ተሰንጥቆ።