ፓኔሉ ወደየት ይዙር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ስለ ታጣፊ ሶላር ፓኔልና ስለ ፓወር ስቴሽን (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በሶኬት ስለሚሰጠው ተንቀሳቃሽ ባትሪ) የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ለመጀመሪያው የሰጠሁት መልስ ረዝሟል፤ ብዙ ሰው ፓኔሉን ያለ ጥፋቱ የሚወቅስበት ጉዳይ በመሆኑ ነው።

ዘጋቢ ፊልም የሚቀርጹ አንባቢ በግንቦት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቁ መስክ ላይ ሰንብተው ነበር። ባለ 200 ዋት ፓኔላቸውን መመሪያው እንደሚያዘው ወደ ደቡብ አዙረው፣ 45 ዲግሪ አጋድለው ቢያቆሙትም፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በቀኑ 6 ሰዓት እንኳ ከ100 ዋት አላለፈም። ሻጩ አታልሏቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ሻጩን ከመክሰስዎ በፊት ፀሐይዋ የት እንደነበረች እንይ። መመሪያው የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው፤ በዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ አናታችን ላይ ደርሳ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻም በዚያው በኩል ትቆያለች። ሰኔ 14 ቀን አካባቢ ከአናት 14 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ ደግሞ 32 ዲግሪ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የእርስዎ ፓኔል ከፀሐይዋ አቅጣጫ 60 ዲግሪ ያህል ዞሮ ስለነበር፣ በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን የተቀበለው ግማሹን ብቻ ነው። ሙቀትም የበኩሉን ወስዷል። 200 ዋት የሚለው ቁጥር የሚገኘው በቤተ ሙከራ፣ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን አርፎበት የሴሉ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የፓኔሉ ክፍል፣ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ በሚጨምረው በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ሴሉ 60 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። ስለዚህ በደንብ የተቀመጠ ባለ 200 ዋት ፓኔል ከ140 እስከ 160 ዋት ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል።

ከመመሪያው ይልቅ እስክሪብቶ ይመኑ። በፓኔሉ ፊት ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ፓኔሉን ያዘንብሉት፤ ፀሐይዋ ስትዞርም በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ፓወር ስቴሽኑን ግን ከፓኔሉ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ ያስቀምጡት። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስጥተው የሚውሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ባትሪው ሲግል መሙላቱን ያቆማል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ደባርቅ ያሉ አስጎብኚ እያንዳንዳቸው 22 ቮልት የሚሰጡ ሁለት ፓኔሎች ስላሏቸው በተከታታይ፣ ማለትም የአንዱን አወንታዊ ከሌላው አሉታዊ ጋር፣ ሊያገናኟቸው አስበዋል። የፓወር ስቴሽናቸው የመግቢያ ገደብ 28 ቮልት ነው።

እንዳያደርጉት። በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቱ ተደምሮ 44 ይሆናል፤ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል። በሰሜን ተራሮች ቅዝቃዜ ደግሞ የፓኔሉ ቮልት ከተጻፈበትም ከፍ ይላል። አወንታዊውን ከአወንታዊ፣ አሉታዊውን ከአሉታዊ ጎን ለጎን ቢያገናኟቸው ቮልቱ ባለበት ሆኖ አምፔሩ ይደመራል። ገመዱን ካላወቁት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይይልዎት። ሌሊቱን ውርጭ ያደረበትን ባትሪም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ አይሙሉት፤ ሊቲየም በዚያ ቅዝቃዜ ሲሞላ ለዘለቄታው ይጎዳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ እኅት 1,000 ዋት ሰዓት (1,000 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ኃይል) የሚይዝ ፓወር ስቴሽን ከነፓኔሉ በሻንጣ ይዘው ባሕር ዳር ላሉት እናታቸው ሊያደርሱ ይፈልጋሉ።

ፓኔሉን ይዘው ይሂዱ። ፓወር ስቴሽኑ ግን በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ መንገደኛ ሊይዘው የሚችለው የሊቲየም ባትሪ ከ160 ዋት ሰዓት አይበልጥም፣ ከ100 በላይ ለሆነውም የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ ለማሳለፍ መሞከር የራስንም የሌላውንም መንገደኛ ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው። በሌላ መንገድ ቢደርስ እንኳ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በሶኬቱ የሚያወጣው 120 ቮልት ስለሆነ የእናትዎን ባለ 220 ቮልት ማቀዝቀዣ አያሠራም። ገንዘቡን ልከው እዚያው ባለ 220 ቮልት ቢገዙላቸው ይሻላል።

አባታቸው በቤት ውስጥ በኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ የሚተነፍሱ አንባቢ፣ ወደ ገጠር ሲወስዷቸው ባለ 1,000 ዋት ሰዓት ፓወር ስቴሽንና ባለ 200 ዋት ፓኔል ይበቃቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይበቃም፤ እባክዎ በዚህ ተማምነው አይጓዙ። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጠው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ 300 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ይወስዳል። ከ1,000 ዋት ሰዓት ውስጥ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሶኬት በሚቀይረው ክፍል የሚባክነው ሲቀነስ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ፓኔሉም በጠራ ቀትር ከሚፈለገው ግማሹን ቢሰጥ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ምንም አይሰጥም። ከመነሣትዎ በፊት ከሚከታተሏቸው ሐኪም ጋር በአካል ይነጋገሩ፤ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ስንት ሲሊንደር በመጠባበቂያ መያዝ እንዳለብዎ ይጠይቋቸው፤ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ኦክስጅን እንዳለውም ያረጋግጡ። ሐኪሙ ሳይስማሙ ጉዞው አይደረግ። ፓወር ስቴሽኑ ከሲሊንደሩ ጋር በተጨማሪነት ቢያዝ ግን መልካም ነው።

በፓወር ስቴሽን እንጀራ ይጋገራል ወይ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ በእጅ የሚንጠለጠለው ዓይነት አይችለውም።

ፓኔሉን መኪና ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር ዘርግቼ ብሞላስ? መስታወቱ ብርሃኑን ይቀንሰዋል፣ የመኪናው ሙቀትም ፓኔሉን ያደክመዋል። አውጥተው ይዘርጉት።