የታሸገው ኤንቨሎፕ እጅዎ እንዴት ገባ?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ በአንድ የግል ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐረር ከሚገኘው የጤና ኮሌጅ፣ በ2009 ዓ.ም. በመደበኛው ፕሮግራም በዲግሪ ተመርቄያለሁ። ባለቤቴ ሚኔሶታ ነው፤ የቤተሰብ ቪዛ ጀምሮልኛል። እንደደረስኩ በሙያዬ እንድሠራ የትምህርት ማስረጃዬን፣ የውጭ አገር ዲግሪን ከአሜሪካው ጋር አስተያይቶ በሚመዝነው ዌስ በሚባል ድርጅት ማስገመት አስቤያለሁ። ሰነዶቼ ተሟልተዋል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንም አንድ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው በሁለት ሳምንት አውጥቶልኝ በታሸገ ኤንቨሎፕ እጄ ላይ ነው። የአባቴ ስም ፓስፖርቱና ዲግሪው ላይ የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ይለያያል። የትኛው ድርጅት ይሻለኛል? ስሜንስ በፍርድ ቤት ማስለወጥ አለብኝ?» — ሰ.፣ ከሳቢያን

መልስ፦ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስና ወደ ኤንቨሎፑ እመለሳለሁ። ከጥያቄዎ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ለነርስነት ፈቃድ ግምቱን ማን ይሥራው የሚለውን የሚወስነው እርስዎ ሊሠሩበት ያሰቡት ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ነው። የዌስ ግምት ለሌላ ሥራ ወይም ለማስተርስ ማመልከቻ ሊጠቅም ይችላል። ብዙ የነርሲንግ ቦርዶች ግን ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል ከነበረው፣ በቅርቡ ስሙን ትሩሜሪት ካለው ድርጅት፣ በነርሲንግ ላይ ያተኮረ ዝርዝር ሪፖርት ይጠይቃሉ። ስለዚህ አንድ ዶላር ከመክፈልዎ በፊት ለሚኔሶታ ነርሲንግ ቦርድ በኢሜይል ይጻፉ፦ «ኢትዮጵያ ውስጥ የተማርኩ ነርስ ነኝ፤ ከየትኛው ድርጅት፣ የትኛውን ዓይነት ሪፖርት ትቀበላላችሁ? የእንግሊዝኛ ፈተናስ የትኛውን፣ በስንት ውጤት?» መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ግምቱ በራሱ ፈቃድ አይደለም። ከእሱ በኋላ የቦርዱ ማመልከቻና ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና አለ። ቪዛ ስክሪን የሚባለው ለሥራ ቪዛ የሚጠየቅ የጤና ባለሙያዎች ማረጋገጫ በባለቤትዎ በኩል ለሚሄዱት ለእርስዎ አያስፈልግም። «ያስፈልግሻል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ካለ አይስሙት።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ።

እህቴ፣ በመደበኛው ፕሮግራም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ነዎት። በደብዳቤዎ ውስጥ ግን «ወጪ መጋራት» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሲመዘገቡ የፈረሙት የወጪ መጋራት ውል አለ። መሠረቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ነው። ከተመረቁ በኋላ ዕዳው በትንሹ ከወር ገቢዎ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል፤ ቀጣሪዎ ቀንሶ ለገቢዎች የማስገባት ግዴታ አለበት። ዕዳው ተከፍሎ ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እስኪቀርብ ድረስ ዩኒቨርሲቲዎች ለተመራቂ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ (በተመራቂው እጅ የሚቆይ የውጤት ቅጂ) ነው። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እርስዎ ደግሞ ኦፊሻሉ በሁለት ሳምንት ወጣልኝ ይሉኛል። ክሊራንስ ይዘው ነው ወይስ ሳይዙ? «ዲግሪዬ» ያሉትስ ዋናው ነው ወይስ ቴምፖራሪው? የደመወዝ ደረሰኝዎ ላይ የወጪ መጋራት ተቀናሽ ይታያል? ክሊኒኩ ቀንሶ ከሆነ ገቢ ያደረገበት ማስረጃ አለ? እነዚህን ሳያውቁ «ተሟልቷል» ማለት አይቻልም። አውቀው ትተውት ከሆነም ለሕግ አማካሪ ግማሹን መንገር ጉዳቱ ለራስዎ ነው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ስለሆነ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ሰው ትራንስክሪፕትን በወረቀቱ መልክ ይመዝነዋል፦ ማኅተሙ ደማቅ ነው፣ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ኤንቨሎፑ ታሽጓል፣ እንግዲህ ምን ጎደለ? ገማቹ ድርጅት ግን የሚመዝነው ወረቀቱ የመጣበትን መንገድ ነው። በነርሲንግ ሪፖርት አሠራር የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የተዘጋጀውን ቅጽ ራሱ ይሞላል። የእያንዳንዱን የነርሲንግ ዘርፍ፣ የውስጥ ደዌውን፣ የቀዶ ሕክምናውን፣ የእናቶችን፣ የሕፃናቱን፣ የአእምሮ ጤናውን፣ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ሰዓት ለየብቻ ያሰፍራል። ፈርሞና አትሞም ከትራንስክሪፕቱ ጋር በቀጥታ ለድርጅቱ ይልካል። የሙያ ፈቃድዎን የሰጠው ጤና ቢሮም እንዲሁ የራሱን ማረጋገጫ በራሱ ይልካል። አንዳንድ ገማቾች ተመራቂው ያልተከፈተ ኤንቨሎፕ እንዲያስገባ ቢፈቅዱም፣ ከተጠራጠሩ ለሬጅስትራሩ ጽፈው ያጣራሉ። ያን ጊዜ መልስ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ነው።

ሁለት ሳምንት ውስጥ «አወጣሁልሽ» የሚሉ ሰዎች ከሚያመጡት ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው እውነተኛ ወረቀት ሆኖ ክሊራንስ ሳይቀርብ በውስጥ ሰው በኩል የወጣ ነው፤ በወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ላይ ስላልተመዘገበ፣ ሲጠየቅ ሬጅስትራሩ «እኛ አልላክንም» ይላል። ሁለተኛው ስቱደንት ኮፒዎን ስካን አድርጎ ማኅተም የተቀረጸበት ነው። ሦስተኛው ውጤቱ ተስተካክሎ ያማረ ነው፤ ይህኛው ሳይጠይቁት እንኳ «ላሳምርልሽ» ብሎ የሚሠራልዎ ነው። ሦስቱም ዘንድ ማመልከቻው ላይ ፈራሚዋ እርስዎ ነዎት፤ የሰውየው ስም የትም አይገኝም።

ኤንቨሎፑን ሳይከፍቱ ከውጭ ይመልከቱት። በትክክለኛው መንገድ የወጣ ከሆነ በማጣበቂያው መስመር ላይ ማኅተሙና ፊርማው ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች አርፎ ይታያል። ፊት ለፊቱ የተቀባዩ ድርጅት ስምና አድራሻ፣ የወጪ ቁጥርና ቀን ይኖረዋል። አድራሻው ባዶ ከሆነ፣ በፕላስተር ብቻ ከታሸገ፣ ወይም ማኅተሙ ከመታሸጉ በፊት የተመታ መሆኑ ከታየ፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነው ማለት ነው። ውጫዊ ምልክቱ ቢሟላ እንኳ የወጪ ቁጥሩ መዝገብ ላይ መኖሩ ሳይጣራ አይላኩት።

የሕጉን ክብደት ላስረዳ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሰነድ መፍጠርንም፣ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ በሰነዱ መገልገልንም በየራሳቸው ወንጀል ያደርጋቸዋል። «ያሠራሁት በሰው ነው» የሚለው መከላከያ አይሆንም። አለማወቅ መከራከሪያ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን ከነገርኩዎ በኋላ አላወቅሁም ማለት ይከብድዎታል። በአሜሪካ በኩል የኢሚግሬሽን ሕጋቸው ለቪዛ ጉዳይ ቁልፍ የሆነን ነገር ሆን ብሎ በሐሰት ያቀረበን ሰው ለዘለቄታው ከመግባት ያግደዋል። ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው፤ ለዜጋ ወይም ለነዋሪ ባለቤት ወይም ወላጅ የከፋ ችግር እንደሚደርስ በማስረዳት የሚጠየቅ ነው። ለሙያ ሲባል የገባ አንድ ወረቀት ባለቤትዎ የጀመሩትን የቤተሰብ ጉዳይ ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው። ለነርሲንግ ቦርድ የቀረበ ሐሰተኛ ሰነድም ሚኔሶታ ላይ አያበቃም፤ ቦርዶቹ በጋራ የመረጃ ቋት ስለሚተያዩ ሌላ ስቴትም ይከተልዎታል።

ስለዚህ ኤንቨሎፑን አይክፈቱ፣ አይቅደዱ፣ አይላኩ። ለሰውየው የከፈሉበትን የባንክ ወይም የቴሌብር ደረሰኝ፣ የተጻጻፉትንም መልእክት ያስቀምጡ። ከእሱ ጋር ተጨማሪ ነገር አይስማሙ። ለሬጅስትራሩም ሆነ ለፖሊስ አንድ ቃል ከመናገርዎ በፊት ኤንቨሎፑን ይዘው ድሬዳዋ ወይም ሐረር ያለ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ ምክር ነው፤ ወረቀቱን ሳያዩ ከዚህ በላይ መናገር ለእርስዎም አይበጅም።

ከዚያ መንገዱ ቀላል ነው፤ የሚያደክመው መመላለሱ ነው። የወጪ መጋራት ውሉን ቅጂ ይፈልጉ፤ ከጠፋ ከዩኒቨርሲቲው ይጠይቁ። በየዓመቱ የተያዘው የትምህርት፣ የምግብና የመኝታ ሒሳብ እዚያ ላይ ተዘርዝሯል። ክሊኒኩ ቀንሶ ገቢ ያደረገውን ከደረሰኝ ጋር ያስተያዩ፣ ቀሪውን ለገቢዎች ከፍለው የክሊራንስ ደብዳቤውን ለዩኒቨርሲቲው ያጽፉ። ክሊኒኩ ቀንሶ ሳያስገባ ቀርቶ ከሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ከመክፈልዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ተቀናሹን የሚያሳይ የደመወዝ ደረሰኝ ከሌለዎት ክርክሩ ይከብዳል። ክሊራንሱን ይዘው ሬጅስትራር ይሂዱ። የሐረሩ ካምፓስ ጀምሮልዎት ዋናው ግቢ የሚፈርም ሊሆን ስለሚችል፣ ለምልልስ ከመነሳትዎ በፊት የትኛው እንደሚፈርም ደውለው ይጠይቁ። ዋናውን ዲግሪ ያውጡ፣ የገማቹን ቅጽና አድራሻ ሰጥተው ራሳቸው እንዲልኩ በጽሑፍ ያመልክቱ። የማመልከቻዎን ቅጂ የገቢ ማኅተም አስመትተው ይያዙ፣ ሲላክም የወጪ ቁጥሩን ይቀበሉ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ማስመታት ይህን ቀጥተኛ መላክ አይተካም፤ ብዙ ሰው እዚያ ገንዘቡን ያፈሳል።

የሙያ ፈቃድዎንም አልነገሩኝም። ታድሷል? የሰጠው የድሬዳዋ ጤና ቢሮ ነው ወይስ የሐረሪ? ማረጋገጫውን መላክ የሚችለው መዝገብዎ ያለበት ነው። ጊዜው ካለፈ አስቀድመው ያድሱ።

ወደ ስሙ ልግባ። ፍርድ ቤት ለመሮጥ አይቸኩሉ። በአማርኛ አንድ ዓይነት የተጻፈ ስም በእንግሊዝኛ አንዱ ላይ «መሐመድ» በዩ፣ ሌላው ላይ በኦ ቢጻፍ፣ ወይም «አብዱላሂ» አንድ ጊዜ በአንድ ኤል፣ አንድ ጊዜ በሁለት ኤል ቢሆን፣ ይህ የአጻጻፍ ልዩነት እንጂ የስም ለውጥ አይደለም። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ልዩነት የሌለበት ፋይል ማግኘት ራሱ ይከብዳል። ስምዎን በውሳኔ ካስለወጡ ግን የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ፣ ዲግሪው፣ ፈቃዱ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ፣ ባለቤትዎ ለአሜሪካ ያስገቡት ማመልከቻ፣ ሁሉም የድሮውን ስም ይዘው ይቀራሉ፤ እያንዳንዱ ማብራሪያ ሊጠየቅበት ነው።

ይልቅ እነዚህን ወረቀቶች ከፓስፖርቱና ከፋይዳው ጋር ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ስምዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የቪዛው ጉዳይ የቆመው በፓስፖርቱ ስለሆነ መነሻ ያድርጉት። ሬጅስትራሩን በትራንስክሪፕቱ ላይ እንዲያስተካክል፣ ካልሆነም ሁለቱም አጻጻፍ የአንድ ተመራቂ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አብሮ እንዲልክ ይጠይቁ። ገማቹ ተጨማሪ ከጠየቀ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ የራስዎ ቃል ሊረዳ ይችላል። ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ስሙ ራሱ ሌላ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ዲግሪው ላይ ያለው የአባት ስም ፈጽሞ የሌላ ሰው ከሆነ። ድሬዳዋና ሐረር ቅርብ ቢሆኑም የፍርድ ቤት አደረጃጀታቸው አንድ አይደለም፤ ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ነው፣ ሐረር የክልሉ ፍርድ ቤቶች አሏት። አቤቱታውን የትኛው እንደሚቀበል ጠበቃ ሳይጠይቁ አይክፈቱ።

ዘመን አቆጣጠሩንም ይጠንቀቁ። 2009 ዓ.ም. ተመርቀው አሜሪካ ቅጽ ላይ 2009 ብለው ከሞሉ፣ በእርግጥ ከተመረቁበት ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሜ ተመረቅሁ ብለዋል። ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕቱ ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈ እንዲጠቅስ ያሳስቡ፤ እርስዎ ቅጹ ላይ 2017 ይጻፉ።

ግምቱ ሳያልቅ የቪዛ ቀጠሮ ቢደርስ አይደናገጡ፤ የቤተሰብ ቪዛው በዚህ ግምት ላይ አልተንጠለጠለም። ሄደው የማይመለሱ ከሆነ ግን ከመሄድዎ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ይስጡ፦ ለእህት፣ ለወንድም ወይም ለጠበቃ። ውክልናው ላይ «ጉዳዬን ሁሉ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ትራንስክሪፕትና ዲግሪ መጠየቅና እንዲላክ ማድረግ፣ ከገቢዎች የወጪ መጋራት ክሊራንስ ማውጣት፣ ከጤና ቢሮ የፈቃድ ማረጋገጫ እንዲላክ ማመልከት የሚለው እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ። ኤንቨሎፑን ላመጣልዎ ሰው ግን ውክልና አይስጡ።